የተረኛ መዝገብ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ሰባት ፎቅ ተብሎ በሦስት የቀረ ቤት፤
ደጁ ላይ የቆርቆሮ ጎጆ፣ የእኔ ሥራ ቦታ፣
ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ዱላ፣ የሌላ ሰው ካፖርታ።

ኃላፊው በመጀመሪያው ማታ መዝገቡን ሰጠኝ፤
«ያየኸውን ብቻ ጻፍ፣ ሐተታ አታብዛብኝ።»

ገለጥኩት።
ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ፣
ጠርዙን አይጥ የቆረጠ፤
ገጽ በገጽ ያው ነው፦ «ሰላም። ሰላም። ሰላም።
ሲሚንቶ መቶ ሃያ ኩንታል። የጎደለ የለም።»

ከ«ሰላም» ዝቅ ብሎ ግን፣ በጠባቡ ኅዳግ፣
ከእኔ በፊት ያደሩት ያወጋሉ፣ ሁሉም በየራሱ ወግ።

ኦቦ ደበሌ ሲጽፍ ሙሉ ክንዱን ያሳርፋል፤
ፊደሉ እንደ ማረሻ፣ ሦስት ቅጠል ዘልቆ ያልፋል፦
«ጄኔሬተሩ የቆመበት አውድማዬ ነበር።
ማታ ሲያጓራ በሬ መስሎኝ፣ ጅራፍ ፍለጋ እዞር ነበር።
አሁን ለምጃለሁ።
የገዛ መሬቴን ስጠብቅ ደሞዝ ይቆረጥልኛል፤
ከዚህ የበለጠ ሹመት ከየት ይገኛል?
አንድ አካፋ ጠፍቷል።»

ቀጥሎ የአንድ ሌሊት ጽሑፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ባሌን ትኩሳት ይዞት፣ በሱ ፈንታ እኔ ነኝ የመጣሁት።
ጅብ መጣ። ፈራሁ። እሱም ፈርቷል፣ ዐይኑን አየሁት።
ሌባ ግን አልመጣም። ሌባ በቀን ነው የሚመጣ፣
ክላክስ ነፍቶ የሚገባ፣ ‹በርቱ› ብሎን የሚወጣ።
ይህን እንኳ ሰርዙት። ስሜም አይታወቅ እዚህ ላይ።»
ሥሩ ግን ተፈርሟል፦ ዘውድነሽ በላይ።

ኑረዲን የማታ ተማሪ ነው፣ ደቂቃ ሳይቀር ይመዘግባል፦
«አራት ሰዓት ከሩብ፦ መብራት ሄዷል። ከተማዋ ወጥታለች፣ ሰማዩ ገብቷል።
ለካ ከዋክብትም እንደኛ በፈረቃ ነው የሚሠሩ፣
መብራት ኃይል ሲተኛ ነው ተራቸውን የሚጀምሩ።
የአንዷ ብርሃን ሺህ ዓመት ተጉዞ ነው አሉ የሚደርሰው፤
(ነገ የፊዚክስ ፈተና አለ።)
ሺህ ዓመት! እኔስ ጠዋት ሃይገሩን ስንት ሰዓት ነው የምጠብቀው?»

ሃምሳ አለቃ ወልደሰንበት ወሬ አይወድም።
አርባ ሁለት ሌሊት አንድ ቃል፤ ሌላ አልጻፈም፦
«ነቅቻለሁ።»
«ነቅቻለሁ።»
በአርባ ሦስተኛው ግን፣ መስመሩ ተንሻፎ፣
«ይኸው ስንት ዘመን ዘብ ቆምኩ፤ አንድም ነገር ከመሄድ አላስቀረሁም።
ሲሄድ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ተኝቼ አላሳለፍኩትም።»

ከዚያ ገጽ ወዲህ የእሱ እጅ የለም።
ካፖርታው ግን አለ፤ ብብቱ የተጣፈ፣
ትከሻው ከእኔ ትከሻ የሰፋ።
ኪሱ ውስጥ ጥቂት ቆሎ።
ለማን እመልሰዋለሁ?
ስምንት ሰዓት ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲነካ፣ በላሁት።
ጨው ጨው፣ ጨርቅ ጨርቅ ይላል።

ሲነጋጋ ከአቃቂ ወንዝ ነጭ ነገር ይነሣል፤
ጭጋግ ነው የሚሉ አሉ። ፋብሪካው ያውቃል።
አራተኛ ፎቅ ሊሆን በነበረው አየር ላይ፣
በአርማታው ብረት ጫፍ፣
አንድ ጋጋኖ ይጮኻል፣
ኪራይ እንደተጨመረበት ሰው።

አሥራ ሁለት ሰዓት። በሩ ተንኳኳ።
«እህ፣ እንዴት አደረ?»
«ሰላም» አልኩ።
ኃላፊው መዝገቡን ገለጠ፣ ፈረመ፣ ዘጋ።
ዐይኑ ቁጥር ላይ ነው፤ ኅዳግ አያይም።

የእኔ ጽሑፍ ይኸውና፦
«ሰላም።
ሲሚንቶ መቶ አሥራ ዘጠኝ። አካፋው አልተገኘም።
ከጄኔሬተሩ ጀርባ፣ ናፍጣ በፈሰሰበት ዳር፣ ጤፍ አሽቷል፤
የማን እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም።»